ለእንግዳ በሽተኛ ዘመዱ ማን ነው?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከሆለታ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሓቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን።



አንድ ዘመድ የሌለው ሙስሊም ሞቷል ሲባል በየመስጊዶቻችን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከሰላት በኋላ ይነገራል። ከፈኑ ወዲያው ይሟላል፤ አጣቢ ይገኛል፤ ቀብር ይቆፈራል። ስሙን እንኳ የማናውቀውን ሰው ጀናዛ ለመሸከም እንሻማለን። ይህ አላህ ለዚህ ኡመት የሰጠው ትልቅ ጸጋ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ያ የቀበርነው ሰው ከመሞቱ በፊት ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር እንበል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውሃ ያቀበለው ማን ነበር? ሐኪሙ የተናገረውን በሚገባው ቋንቋ የነገረው ማን ነበር? ይህን መድኃኒት ከውጭ ግዛ ተብሎ ወረቀት ሲሰጠው፣ ወረቀቱን ይዞ የሮጠለት ማን ነበር? ለጀናዛው መቶ ሰው ያገኘ ሙስሊም በሕይወት ሳለ አንድ ሰው አጥቶ ከሆነ፣ ነገሩ ሊያሳስበን ይገባል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ይሆናል፤ ከሀገሩና ከዘመዱ ርቆ ስለሚታመም ሰው፣ ስላለው መብትና በእኛ ላይ ስላለው ሐቅ።

እንግዳ በሽተኛ ማን ነው?

እንግዳ በሽተኛ ስንል አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ማለታችን አይደለም። የምንኖርባት ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚሁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ጠጋ ስንል ቡራዩ አለች። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ታቅፈዋል። ከተሞቹ ሁሉ ከሩቅ የመጣ ሰው የሞላባቸው ናቸው። የአበባ እርሻው፣ ፋብሪካውና የግንባታ ሥራው ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከአርሲና ከጅማ ወጣቱን ይጠራል። በ2010 ዓ.ም ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ወገኖችም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች እንዲሰፍሩ ተደርጓል።

ከድንበር ማዶ የመጡትም አሉ። ሀገራችን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ስደተኞችን ታስተናግዳለች። አብዛኞቹ በየድንበሩ ባሉ መጠለያዎች ይኖራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ቤት ተከራይተው ይገኛሉ። ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን የመጡ አሉ። የየመን ጦርነት በ2007 ዓ.ም ከተባባሰ በኋላ የመጡ የመኖች አሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ሲነሳም ብዙ ሱዳናውያን ድንበራችንን ተሻግረዋል።

እንግድነት ደግሞ የሩቅ ሀገር ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም። በሆለታ ዙሪያ የሚያርስ፣ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ገበሬ እዚህ የሀገሩ ባለቤት ነው። በሽታው ሲጠና ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ሲገባ ግን እንግዳ ይሆናል። ካርድ ክፍሉ የት እንደሆነ አያውቅም፤ ስሙ ሲጠራ አይሰማም፤ ተራው ያልፈዋል። ከወላይታ መጥታ በአበባ እርሻ የምትሠራው ልጅ ደግሞ እዚሁ እኛ ጤና ጣቢያ እንግዳ ናት። ስለዚህ ማንም ቢሆን አንድ መንገድ ሲሻገር እንግዳ ሊሆን እንደሚችል እናስተውል።

የመዲና ሙሃጂሮች ሲታመሙ

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሂጅራን ስናነሳ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ጉዞውና ስለ አቀባበሉ ነው። ከመካ የተሰደዱት ሰሓቦች መዲና ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ ታመዋል። የመዲና ንዳድ ጽኑ ነበር። አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ.) በዚህ ንዳድ ተይዘው ነበር። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ገብታ ጠይቃቸዋለች። ቡኻሪ እንደዘገቡት ቢላል ትኩሳቱ ሲለቀው የመካን ሸለቆ፣ ሣሯንና ውሃዋን እያነሳ ይናፍቅ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን በሰሙ ጊዜ «ስለ ሀገሩ ለምን ያለቅሳል?» ብለው አልተቆጡም። መዲናን እንዲያስወድዳቸው፣ አየሯንም ጤናማ እንዲያደርግላቸው አላህን ለመኑ። ከዚህ የምንረዳው፣ የስደተኛ ሕመም ሁለት መሆኑን ነው፤ አንዱ በገላው ያለው ነው፣ ሌላው ናፍቆቱ ነው። ሁለቱም ሊታከሙ ይገባል።

ሌላም ታሪክ አለ። ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ.) ወደ እኛ ሀገር፣ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ቀደምት ሰሓቦች አንዱ ናቸው። በኋላም ወደ መዲና ተሰደዱ። አንሷሮች ሙሃጂሮቹን ለማሳረፍ ዕጣ ሲጣጣሉ፣ ዑስማን ለኡሙል ዐላእ ቤተሰብ ደረሱ። እዚያ ቤት ሳሉ ታመሙ። ቤተሰቡ እስኪሞቱ ድረስ አስታመማቸው፤ ሲሞቱም ከፈናቸው። ይህን ራሷ ኡሙል ዐላእ (ረ.ዐ.) እንደተናገረችው ቡኻሪ ዘግበውታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የዚያ ቤት ሰዎች ከዑስማን ጋር የሥጋ ዝምድና አልነበራቸውም። ዘመድ ያደረጋቸው ዕጣ ነው። ለጀናዛቸው ብቻ አልደረሱም፤ ከመኝታቸው ጀምሮ አብረዋቸው ነበሩ። የእኛ ጎረቤት የሆነውስ ሠራተኛ፣ የእኛ መስጊድ ውስጥ የሚሰግደውስ ስደተኛ፣ አላህ በዕጣ ያደረሰን ሰው አይደለምን?

ሩፈይዳ አል-አስለሚያም (ረ.ዐ.) አለች። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ጊዜ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ሲቆስሉ በመስጊዱ ውስጥ ወደነበረው ድንኳኗ ተወሰዱ። የሲራ ጸሐፊው ኢብኑ ኢስሐቅ እንደሚነግሩን፣ ይህች ሴት ቁስለኞችን ታክም የነበረች ሲሆን የሚንከባከባቸው ያጡ ሙስሊሞችን ለማገልገል ራሷን የሰጠች ነበረች። ድንኳኑ የነበረው መስጊድ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። አስታማሚ ያጣ በሽተኛ ጉዳይ ከመስጊድ ውጭ ያለ ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

የአላህ ቃልም ግልጽ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 36 ለወላጅ፣ ለዘመድ፣ ለየቲምና ለሚስኪን መልካም መሥራት ሲታዘዝ፣ የሩቁ ጎረቤትና መንገደኛውም አብረው ተጠርተዋል። በሱረቱ አት-ተውባ አንቀጽ 60 ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ በመንገድ ላይ የተቸገረ ሰው ነው። በሱረቱ አል-ማኢዳ አንቀጽ 32 የአንዲትን ነፍስ ሕይወት ማዳን የሰዎችን ሁሉ ሕይወት እንደማዳን ተቆጥሯል። ዓሊሞችም ጠያቂና አስታማሚ የሌለውን በሽተኛ መርዳት በማኅበረሰቡ ላይ ያለ ግዴታ መሆኑን አስረድተዋል። አንዳችን ካደረግነው ከሌሎቻችን ይነሳል፤ ሁላችንም ከተውነው ሁላችንም እንጠየቅበታለን።

የመጀመሪያው ሐቅ መደመጥ ነው

የበሽተኛ መብት ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ገንዘብንና መድኃኒትን ነው። ከእነርሱ የሚቀድም ግን አለ። በሽተኛው ሕመሙን ሊናገርና ሊደመጥ፣ የተባለውንም ሊረዳ ይገባዋል። ነጃሺን ፍትሐዊ ንጉሥ ያሰኛቸው አንዱ ነገር ይህ ነበር። የመካ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ስደተኞቹን አስረክቡን ሲሏቸው፣ ስደተኞቹን አስጠርተው ከራሳቸው አፍ ሳይሰሙ አልፈረዱም። ጀዕፈር (ረ.ዐ.) ተናገሩ፤ ንጉሡም አዳመጡ።

ቋንቋ አለመግባባት ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ከሩቅ ሀገር አንድ የታወቀ ምሳሌ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበር። የበላው ነገር የመረዘው መስሏቸው በቋንቋቸው «ኢንቶክሲካዶ» አሉ። ሐኪሞቹ ግን ቃሉን በእንግሊዝኛው ወስደው አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ ወጣት ነው ብለው ሕክምናውን በዚያ መንገድ ቀጠሉ። የልጁ ሕመም በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነበር። ይህ እስኪታወቅ ጊዜው አልፎ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። በኋላ በተደረሰው ስምምነት የካሣው መጠን በዕድሜው ሁሉ የሚከፈለው ተደምሮ ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። አስተርጓሚ የጠራ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የተግባባ መስሎት ነበርና።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። የሀገራችን ሰው «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል ጨጓራውን ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ሆዴ ባባ» የሚለው ሆዱን አላመመውም፤ አዝኗል። «ምች መታኝ» የሚለውን ለማያውቅ ሐኪም ምን ብሎ ይተረጉሙታል? ቃሉን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይሳሳታል፤ ሰውየውን የሚጠይቅ ግን ይደርስበታል።

አንድ ሌላ ነገር ላስታውሳችሁ፤ እኛ ለምደነው አናስተውለውም። ነርሷ ለሱዳናዊቷ እናት «ነገ በሁለት ሰዓት ነይ» ትላለች። በእኛ አቆጣጠር ይህ ጠዋት ነው። እናትየዋ ግን ሰዓቷን አይታ ከቀትር በኋላ ትመጣለች፤ በሩ ተዘግቶ ታገኘዋለች። መድኃኒት በአሥራ ሁለት ሰዓት ውሰድ የተባለው የመናዊ በእኩለ ቀን ይውጠዋል። ቀጠሮ ተብሎ የተጻፈለት ወርና ቀንም በእርሱ አቆጣጠር ሌላ ቀን ነው። ስለዚህ ለውጭ ሰው ቀጠሮ ስንነግር «ጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ» ብለን እንንገረው፤ ሰዓቱንና ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር እንጻፍለት። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ የሰው ሕክምና ግን ያድናል።

አስተርጓሚነት አማና ነው

ማስተርጎም በዲናችን ታሪክ ውስጥ የተከበረ ሥራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብኑ ሳቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሑፍ እንዲማር አዘዋቸው ነበር። አቡ ጀምራም በኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እና በሰዎች መካከል ያስተረጉሙ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል።

ዛሬ በመካከላችን ስንት አስተርጓሚ እንዳለ እንቁጠር። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላም ብዙዎች መጥተዋል። በጂዳና በሪያድ፣ በኩዌትና በቤይሩት የሰው ቤት ሲሠሩ ዐረብኛ የለመዱ እህቶቻችን በየሰፈሩ አሉ። በዚያ ሀገር ታመው ሐኪሙ የሚለው ሳይገባቸው የተኙ ብዙዎች ናቸው። እህቴ ሆይ፣ ያ በለቅሶ የተማርሽው ዐረብኛ ዛሬ ለአንዲት ሱዳናዊት ወላድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አላህ በዚያ መከራ ውስጥ ያስያዘሽን ስጦታ አትናቂው።

ለሚያስተረጉሙ ጥቂት ምክሮች አሉኝ።

አንደኛ፣ የተባለውን ሁሉ ተርጉሙ። አትጨምሩ፤ አትቀንሱ። ሐኪሙ ብዙ ተናግሮ እናንተ «ደህና ነህ ይልሃል» ብቻ ካላችሁ አማናውን አጉድላችኋል።

ሁለተኛ፣ በበሽተኛው ቦታ አትመልሱ። ለኦፕራሲዮን ፈርም ሲባል የሚፈርመው እርሱ ነው። ምን እንደሚደረግለት፣ ምን አደጋ እንዳለው፣ ሌላ አማራጭ እንዳለ ሳይገባው ጣቱን አያሳርፍ። «እኔ አውቅልሃለሁ» ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ የሰማችሁትን ሚስጥር ቅበሩት። የበሽተኛው ምርመራ ውጤት የቡና ወሬ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ ታማሚ ሚስጥሩ ወጥቶበት ከተከራየው ቤት ቢባረር፣ ኃጢአቱ ባወራው ሰው ላይ ነው። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ በቂያማ ቀን ነውሩን እንደሚሸፍንለት በሐዲስ ተነግሮናል።

አራተኛ፣ ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። የእናቱን የማሕፀን ሕመም የአሥር ዓመት ልጅ እንዲናገር ማድረግ ለእናቱም ለልጁም ጭንቀት ነው። ለሴት ሴት ትፈለግ። ካልተገኘች የምትችል እህት በስልክ ድምፅ ማጉያ ብታስተረጉም ይሻላል።

አምስተኛ፣ በመጨረሻ በሽተኛው የተረዳውን መልሶ እንዲናገር ጠይቁት። «ገባህ?» ስትሉት ተሸማቆ «አዎ» ይላል። «መድኃኒቱን እንዴት ነው የምትወስደው? እስቲ ንገረኝ» ስትሉት ግን የገባውና ያልገባው ይለያል።

ልናውቃቸው የሚገቡ መብቶች

መብቱን የማያውቅ ሰው መብቱን ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ ጥቂቱን እናንሳ፤ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱለት።

በ2011 ዓ.ም የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 በሀገራችን ያለ ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በሀገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ስደተኛው የስደተኛ መታወቂያውን ይዞ ሲሄድ ልመና መሄዱ አይደለም። ችግር ሲገጥመው ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት ማንም ሰው ሳይከፍል የሚያገኛቸው አገልግሎቶች አሉ። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በገንዘብ ፍርሃት ብቻ ቤቷ የምትወልድ እንግዳ ሴት በሰፈራችሁ ካለች ንገሯት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጥሩላት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ በኋላ በብዙ ወረዳ ተስፋፍቷል። አባልነቱ በቤተሰብና በቀበሌ ስለሚመዘገብ፣ ለሥራ የመጣው ወጣት ካርዱ ቤተሰቡ ጋር ስልጤ ወይም ወሎ ይቀራል። እዚህ የሚሰነብት ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ለመመዝገብ ምን እንደሚያስፈልግ ጤናው ሳይታወክ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳያጽፉ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድም የመድኑን ጥቅም ሊያሳጣ ስለሚችል ደረጃውን ጠብቁ።

በአበባ እርሻና በፋብሪካ ለምትሠሩ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት የሕክምና ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት ሥራ መሥራት ካልቻለ በሕክምና ማስረጃ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ነው። ከቀረ በማግሥቱ ለአሠሪው ማሳወቅ ይገባዋል። ብዙ ልጆች ይህን ባለማወቅ «ሥራዬን አጣለሁ» ብለው በሽታውን ተሸክመው ይሠራሉ፤ ሲወድቁ ነው የሚታወቀው።

አስታማሚ የሌለው ሰው

በእኛ ሀገር ሆስፒታል አስታማሚ ማለት ጠያቂ ብቻ እንዳልሆነ ተኝቶ የታከመ ሁሉ ያውቃል። ምግብ የሚያመጣው፣ መድኃኒት የሚገዛው፣ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያመላልሰው፣ በሽተኛውን ደግፎ ሽንት ቤት የሚወስደው፣ ሌሊት ሲብስበት ነርስ የሚጠራው እርሱ ነው። ስለዚህ ዘመድ የሌለው በሽተኛ ከሕክምናው ግማሹን ያጣ ያህል ነው። ሐኪሙ እኩል ቢያክመው እንኳ እኩል አይድንም።

ስትሄዱ ታዲያ እንዴት ትሄዳላችሁ? ሾርባ ወይም አጥሚት በፔርሙዝ ያዙ፤ ግን መብላት የተፈቀደለት መሆኑን አስቀድማችሁ ነርሷን ጠይቁ። አትቆዩበት፤ አታድክሙት። «ምን ጎደለህ?» ብቻ አትበሉት፤ እንግዳ ሰው ያፍራል። የታዘዘለትን ወረቀት እዩ፤ የተገዛና ያልተገዛውን ለዩ። ከቤተሰቡ ጋር በስልክ አገናኙት፤ የእናቱን ድምፅ መስማት ለስደተኛ ግማሽ ፈውስ ነው። ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ አሳዩት። ውዱእ ማድረግ ካልቻለ በተየሙም፣ መቆም ካልቻለ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ እንደሚሰግድ አስታውሱት። በረመዳን «ጾሜ አይፈርስም» ብሎ መድኃኒት የሚተው በሽተኛ ካለ፣ አላህ ለበሽተኛና ለመንገደኛ ጾምን ማፍጠርን የፈቀደ መሆኑን ንገሩት።

አእምሮው የተጎዳውንም አንርሳ። ከስደት የተመለሱ፣ ጦርነት ያሳለፉ፣ በመንገድ ላይ ግፍ የደረሰባቸው ወንድሞችና እህቶች አሉ። እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን የሚያገል፣ ከራሱ ጋር የሚነጋገር ሰው ስታዩ «ጂን ነው» ብላችሁ አስራችሁ አታስቀምጡት። ቁርኣን ይቀራለት፤ ሐኪም ዘንድም ይወሰድ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ይህ ሁሉ ለሙስሊም ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያገለግላቸው የነበረ አይሁዳዊ ልጅ ሲታመም ሄደው ጠይቀውታል፤ ከራስጌውም ተቀምጠዋል። ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ክርስቲያን ስደተኛም አስታማሚ ከሌለው ሾርባው ለሁለት ይበቃል።

ለጤና ባለሙያዎቻችን

በየጤና ተቋሙ የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ድካማችሁን እናውቃለን። የበሽተኛው ብዛት፣ የሌሊቱ ተረኝነት፣ የዕቃው እጥረት ከባድ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ቋንቋ የማይሰማ ሰው ደንቆሮ አይደለም፤ ድምፅን ከፍ ማድረግ አያስረዳውም። አስተርጓሚ እስኪገኝ ተራውን አትሰርዙበት፤ ለሌላ ሰው አሳልፋችሁ ወደ እርሱ ተመለሱ። ከባልደረቦቻችሁ መካከል ቋንቋውን የሚችል መኖሩን አጣሩ፤ አንዳንድ ጊዜ የጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛው ይችላል። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ዐረብኛ የሚችሉ ሰዎች ስልክ ቁጥር በካርድ ክፍሉና በድንገተኛ ክፍሉ ተለጥፎ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? ኒቃብ የለበሰች ስደተኛ ስትመጣ ሴት ባለሙያ ካለች ሴቷ ታያት፤ ከሌለችም መጋረጃውን ዝጉላት፤ የሚገለጠው ለምርመራው የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን።

ከመስጊዳችን ምን ይጠበቃል?

ትልቅ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። ለጀናዛ ያለን ሥርዓት ለሕያዋንም ይዋል። በየመስጊዱ አንድ ደብተር ይከፈት፤ ማን ምን ቋንቋ ይችላል፣ በየትኛው ቀን ይመቸዋል የሚለው ይጻፍበት። ከጁሙዓ ሰደቃ ጥቂቱ ለመድኃኒትና ለታክሲ ይመደብ። በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ከተቋሙ ኃላፊዎች ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የጥየቃ ሰዓቱንም ያክብሩ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ለሚጻፍለት የሆለታ ወይም የሱሉልታ በሽተኛ፣ እዚያ የሚቀበለው አንድ ሰው በስልክ ይፈለግለት። ደም የሚለግሱ ወጣቶች በፈቃዳቸው ይመዝገቡ። ይህን ሁሉ ጀናዛ የምናነሳበት ትብብር ይሸከመዋል።

ልጆቻችሁን ወደ ዐረብ ሀገር የምትልኩ ወላጆች ደግሞ ሳትሸኟቸው በፊት የደማቸውን ዓይነት፣ ያለባቸውን ሕመምና የሚወስዱትን መድኃኒት በዐረብኛና በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ስጧቸው። በአሜሪካ ዘመድ ያላችሁም ንገሯቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል በሽተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ለልጆቻችን በሰው ሀገር የምንመኘውን፣ ለሰው ልጆች በሀገራችን እናድርገው።

ውድ አድማጮቻችን! ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አላህ (ሱ.ወ.) በቂያማ ቀን ባሪያውን ስለ በሽተኛው ይጠይቀዋል፤ ባሪያው ያን የታመመ ሰው ሄዶ ቢጠይቀው ኖሮ የአላህን ምንዳ እዚያው ከእርሱ ዘንድ ያገኘው ነበር። ጥያቄው ከቀብር በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በአጠገባችን ባለው ጤና ጣቢያ ማን ተኝቷል፣ ማንስ ይጠይቀዋል ብለን እንጠይቅ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ምሕረቱን ያውርድ፤ በስደት ያሉትን ይጠብቅ፤ እኛንም ለእንግዳው ዘመድ የምንሆን ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።